ከብት ሲሞት፣ ውሻ ሲነክስ፦ የጤና ቃል ለጎረቤት እንዴት ይነገራል?



ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ እርከን ጥገና ከተዘጋጁት ጽሑፎች ጋር ይህ አብሮ ሲደርሳችሁ፣ «የጤና ነገር የጤና ጣቢያ ነው፤ ግብርናን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በየበረታችን ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስቱን ስትለይ፣ ከፊት የተቀመጡት የእብድ ውሻ በሽታና አባ ሰንጋ ናቸው። ሁለቱም ሰውን ከመያዛቸው በፊት እንስሳ ላይ ይታያሉ። እንግዲህ በሽታውን ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው ሐኪሙ ሳይሆን እረኛው ልጅ፣ ላሟን የምታልበው እናት፣ በሬውን የሚጠምደው አባወራ ነው።

የበሽታዎቹን ምልክት በአጭሩ እንነካለን። ዋናው ጉዳያችን ግን ሌላ ነው። በቦረናም ሆነ በወግዲ፣ በለጋምቦም ሆነ በከላላ፣ «በውሻ የተነከሰ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ሰምቷል። ሰምቶ ግን ይቀራል፤ ወይም ከሳምንት በኋላ ይሄዳል። የሰማውን እንዲያደርገው የሚያስችል አነጋገር የትኛው ነው? ይህ በእናንተ እጅ ያለ ሥራ ነው።

ከእርሻ የተወሰደ ትምህርት

አንድ የቆየ ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ አዮዋ በሚባለው የበቆሎ አገር ሁለት ተመራማሪዎች 259 አርሶ አደሮችን፣ ድቃይ የበቆሎ ዘርን እንዴት እንደተቀበሉ ጠየቋቸው። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ስለ ዘሩ መጀመሪያ የነገራቸው በአብዛኛው ዘር ሻጩ ነበር። እንዲዘሩት ያሳመናቸው ግን ጎረቤታቸው ነበር። ወሬውን እንግዳ ያመጣዋል፤ ልብ የሚያደርሰው የሚታወቅ ሰው ነው። ጤፍ በመስመር መዝራት በቀበሌያችሁ ሲጀመር የሆነውን አስታውሱ፤ አብዛኛው ሰው የጠበቀው የባለሙያውን ገለጻ ሳይሆን የእናንተን አውድማ ነው።

የአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ይህንኑ መንገድ ከግብርና ተውሷል። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ሠልጥነው ተመደቡ፤ 16 ፓኬጆች ተዘጋጁ፤ ቤተሰቦች 96 ሰዓት ሠልጥነውና በቤታቸው በተግባር አሳይተው «ሞዴል ቤተሰብ» ተብለው እንዲመረቁ ተደረገ። መጸዳጃ ቤት በየጓሮው የተቆፈረው በፖስተር ብቻ አይደለም፤ አንዷ ቆፍራ ሌላዋ አይታ ነው። በኋላ የመጣው የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም ሴቶች በራሳቸው ቡና ላይ ሲነጋገሩበት ጥሩ ሠርቷል። ስብሰባው ሁሉን ነገር የሚጫንበት፣ ሪፖርት የሚሞላበት ሲሆን ግን ሰው መምጣት ይሰለቻል። ይህንን የምለው በምከታተላቸው ቀበሌዎች ካየሁት ተነሥቼ ነው። ስለ ውሻ ልትናገሩ ጠርታችሁ ስለ ግብርና ግብዓት ዕዳ ከጀመራችሁ፣ ስለ ውሻው የሚሰማችሁ የለም።

ቃሉ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

በ2012 ዓ.ም ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ፣ ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው ድምፅ በፊት የጥንቃቄ መልእክት እንሰማ ነበር። እጅ መታጠብን ሕፃን ልጅ ሳይቀር በቃሉ አጥንቶት ነበር። ውኃ በጀርባዋ ተሸክማ ከሩቅ ምንጭ የምታመጣ እናት ግን መልእክቱን አልናቀችም፤ ውኃው አልበቃት አለ እንጂ። አንድ ሰው የነገራችሁትን ሳያደርግ ሲቀር «አይሰማም» ከማለት በፊት «ምን ያዘህ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ሩቅ ነው ይላል። ገንዘብ የለኝም ይላል። «ባለፈው ስሄድ አመናጨቁኝ» ይላል። ለእያንዳንዱ መልሱ የተለያየ ነው፤ ለሁሉም ያንኑ ምክር ደግሞ ደጋግሞ መንገር ጊዜ ማባከን ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ፦ መጀመሪያ ምን ይባል?

ልጅ በውሻ ተነክሶ እናቱ እየጮኸች ወደ እናንተ ብትመጣ፣ ስለ በሽታው ታሪክ የሚነገርበት ሰዓት አይደለም። መጀመሪያ መነገር ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ደም እስኪቆም መጠበቅ የለም። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት የሌለው ሰው ቶሎ ያቆማል። ሳሙና ከሌለ ውኃው ብቻም ቢሆን ይታጠብ፤ ሳሙናውም ከጎረቤት ይፈለግ። ቁስሉን መብጣት፣ መተኮስ፣ በርበሬ ወይም ቅጠል መነስነስ ጉዳቱን ያብሳል።

ሁለተኛው ቃል፦ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ። ነገ አይባልም፤ ገበያ ውሎ መመለስም አይባልም።

ውሻው ባለቤት ያለው ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ ሰው ግን ይህን እየጠበቀ ሕክምናውን አያዘገይም። ውሻው ከጠፋ ወይም ከሞተ እንዳበደ ይቆጠር። ከተገደለም ጭንቅላቱ አይፈጭ፤ ምርመራ የሚደረገው ከአንጎሉ ናሙና ተወስዶ ስለሆነ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ይነገር። ሬሳውን በባዶ እጅ የሚነካ አይኑር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ። ለምንድን ነው ብዙ ሰው መጀመሪያ ወደ መድኃኒት አዋቂ የሚሄደው? ቅርብ ስለሆነና ስለሚያከብረው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን በሽታው ራሱ የሚሠራው ማታለል ነው። ከሚነክሱት ውሾች ሁሉ ያበዱት ጥቂቶቹ ናቸው። ያበደ ውሻ የነከሰውም ሁሉ አይያዝም። የተያዘውም ቢሆን ምልክቱ የሚታይበት ከሳምንታት እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። በዚህ መካከል ቁስሉ ይደርቃል፣ ልጁ ይቦርቃል። እንግዲህ ሥር የቀመሱ አሥር ሰዎች ቢኖሩ ዘጠኙ ድሮውንም የማይታመሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምስጋናው ግን ለሥሩ ይሆናል። አሥረኛው ሲሞት ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ይህን ሒሳብ ረጋ ብላችሁ፣ በጣት እየቆጠራችሁ ማስረዳት ትችላላችሁ። መድኃኒት አዋቂውን «አታላይ» ብሎ መሳደብ ግን ሰውን ከእናንተ ያርቃል። የሚሻለው ራሱን መድኃኒት አዋቂውን አግኝቶ «የመጣልዎትን ሰው መጀመሪያ በሳሙና አሳጥበው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩልን» ብሎ መለመን ነው። ክብሩ ከተጠበቀለት ይተባበራል።

የእምነት ጉዳይም እንዲሁ ነው። በፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ብዙ ሰው ጠበልና መድኃኒት አይስማሙም ብሎ መድኃኒቱን አቋርጦ ነበር። በ1999 ዓ.ም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ እንደማይጣሉም በይፋ ተናገሩ። ያንን ቃል ሐኪም ቢናገረው ኖሮ ጠበልተኛው ዘንድ ይህን ያህል ክብደት አይኖረውም ነበር። በእኛ አካባቢ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ጎን ለጎን ነው፤ ስለዚህ የንስሐ አባቱም ሸህውም ይህንኑ ቃል ይያዙት፦ ጸሎቱም ዱአውም አይቅር፤ ክትባቱም አይቅር። ወዳጃ የሚቀመጡ አባቶችን፣ የቅሬ ዳኞችን፣ አባጋሮችን ቀድማችሁ አማክሩ። ጉባኤ ላይ ድንገት አስነሥቶ «እስቲ እርስዎም ይናገሩ» ማለት ግን አይገባም፤ ቤታቸው ሄዶ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ስለ ማስፈራራት አንድ ቃል ልጨምር። የኤድስ ትምህርት በተጀመረበት ዘመን የአጽምና የሞት ሥዕል በየቦታው ይለጠፍ ነበር። ሰው ፈራ፤ ፈርቶም በሽተኛውን ሸሸ፤ በሽተኛውም ራሱን ደበቀ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። ይህ መነገር ያለበት እውነት ነው። ነገር ግን ወዲያው ተከትሎ መውጫው ይነገር፦ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የታጠበና ክትባቱን በሙሉ የጨረሰ ሰው ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1885 ሉዊ ፓስተር ፈረንሳይ ውስጥ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ካተረፈው ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው። ፍርሃቱን ነግራችሁ መውጫውን ሳትነግሩ እንዳትለያዩ።

ላምም ትነከሳለች። ለሃጭ የምታዝረበርብ፣ ያለ ልማዷ የምትጮኽ፣ መዋጥ የተሳናት ላም ስትታይ «ነገር ተቀርቅሮባት ነው» ተብሎ እጅ ወደ አፏ ይሰደዳል። ይህን ለእረኞች አስቀድማችሁ ንገሩ፦ እጅ ወደ አፏ አይግባ፣ ወተቷ አይጠጣ፣ ሥጋዋ አይበላ፣ ባለሙያ ይጠራ።

አባ ሰንጋ፦ ከኪሳራ ጋር የሚደረግ ክርክር

በሬ ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት ወድቆ ይገኛል። ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ በሽታ አይደለም፤ ስለ ጥማድ ነው። ስለ ዘር ጊዜ ነው። እስትንፋሱ ሳይወጣ ቢላዋ ማሳረፍ፣ ለጎረቤት በቅርጫ አከፋፍሎ ጥቂት ገንዘብ መሰብሰብ፣ ቆዳውንም መሸጥ፤ የጨዋ ሰው ሐሳብ ነው፣ ክፋት የለበትም። ጎረቤቱም የሚገዛው ሥጋ አምሮት ብቻ ሳይሆን ወንድሙን ለመደገፍ ነው። ይህን ሳትረዱ «የሞተ ከብት አትብሉ» ብትሉ፣ የተናገራችሁት ሰውዬውን ለድህነት ተው እንደ ማለት ይሰማል።

ስለዚህ ክርክሩ ሬሳው ላይ ቆሞ መደረግ የለበትም፤ ያኔ ጊዜው አልፏል። የሚነገረው በሬው በሕይወት ሳለ፣ ከክረምቱ በፊት፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ለክትባት ሲመጣ ነው። የአባ ሰንጋ ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከዚህ ቀደም ከብት የሞተበት የግጦሽ ቦታ ካለ ሽማግሌዎች ያውቁታል፣ ጠይቋቸው። በየዓመቱ መከተብ ያለበት የዚያ አካባቢ መንጋ ነው። ከዚያም ነገሩን ወደ ቅሬው አምጡት፦ በሬው በድንገት የሞተበት ሰው ሥጋውን ሳይሸጥ ቢቀብር ቅሬው በምን ይደግፈዋል? የአንድ ቀን ወንፈል ነው? የበሬ ተውሶ ነው? ይህ ቀድሞ ከተወሰነ፣ ያን ጠዋት ባለቤቱ «ምን ልብላ?» ብሎ ብቻውን አይጨነቅም። በእኔ አስተያየት በአባ ሰንጋ ላይ ከሚነገረው ትምህርት ሁሉ ይህ ውሳኔ ይበልጣል።

ምልክቱን ከውጭ ብቻ ተመልከቱ፦ ድንገተኛ ሞት፤ ከአፍንጫ፣ ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ የሚወጣ የማይረጋ ጥቁር ደም፤ ቶሎ የሚነፋና እንደ ሌላው ሬሳ የማይደርቅ ገላ። ለማረጋገጥ ብሎ መክፈት የተከለከለ ነው፤ ሬሳው ሲከፈት ተህዋሱ አየር አግኝቶ የማይሞት ቅርፅ ይይዛል፤ አፈሩም ለልጅ ልጅ ይበከላል። ሳይገፈፍና ሳይጎተት፣ ከውኃ ርቆ ሁለት ሜትር በሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ ከነቆዳው፣ ደም ከነካው አፈር ጋር ይቀበር። ባለሙያው ሳይመጣ ውሻና አሞራ እንዳይደርስበት ይጠበቅ።

ሥጋው ተበልቶ ወይም ቆዳው ተገፎ ከተገኘስ? እዚህ ላይ መቆጣት ጎጂ ነው። የተቆጣችሁት ሰው የበሉትን ሰዎች ስም ይደብቃል። «የሆነው ሆኗል፤ አሁን የሚያድን መድኃኒት አለ» በሉ። ከነካው ሰው እጅ፣ ክንድ ወይም ፊት ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ የሚያሳክክ እብጠት ወጥቶ ውኃ ቋጥሮ መሐሉ ሲጠቁር፣ ሕመም የለውም ተብሎ አይናቅ። የማያመው መሆኑ ነው የሚያታልለው። በጊዜ ከታከመ በፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት ይድናል። ሥጋውን በልቶ ሆዱን የሚቆርጠው፣ የሚያስመልሰው ወይም የሚያተኩሰው ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይሂድ።

መልሶ ማስነገር

«ገባህ?» ስትሉት ሰው ሁሉ «ገባኝ» ይላል፤ ይህ ጨዋነት ነው፣ ማስረጃ አይደለም። የሚሻለው እንዲህ ማለት ነው፦ «በደንብ መናገሬን እንዳውቅ፣ እቤት ስትገቢ ለባለቤትሽ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?» ለአዛውንት ደግሞ፦ «አባቴ፣ ያስቀረሁት ነገር እንዳለ እስቲ ይድገሙልኝ።» ጥፋቱ በተናጋሪው ላይ ስለሚሆን የሚያፍር የለም። የጎደለውን ትሰማላችሁ፤ ያንን ብቻ ታስተካክላላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው የ15 ደቂቃው ጉዳይ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰውም እዚያ ምን እንደሚል ይዘጋጅ። ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ቃሉ ያጥራል፤ «ውሻ ነከሰኝ» ብሎ ዝም ይላል። የማን ውሻ እንደሆነ፣ አሁን የት እንዳለ፣ ሳይተነኮስ እንደነከሰ፣ ስንት ሰው ወይም ከብት እንደነከሰ፣ ቁስሉ መቼ እንደታጠበ፣ ሥር ቀምሶ ከሆነም ይህንኑ ሳያፍር ይናገር። ከብት ገፎ ቁስል የወጣበትም «ከብት ሞቶብን ገፍፌ ነበር» ማለቱን እንዳይረሳ፤ ያለዚህ ቃል ባለሙያው ተራ ብጉንጅ ሊመስለው ይችላል። አብሮት የሚሄድ አንድ ሰው ቢኖር መልካም ነው፤ ሁለት ጆሮ ከአንድ ይሻላል።

የውሻው ክትባት በአንድ መርፌ አያልቅም። ሁለተኛው ሦስተኛው ላይ «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት የተለመደ ነው። የቀጠሮውን ቀን ሰው በሚያስታውሰው ስም ንገሩት፦ «በሚካኤል ማግስት»፣ «ከጁምዓ በኋላ ባለው ገበያ» በሉት። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የማያነብ ሰው ኪስ ውስጥ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለ ወሬ

«እገሌ መርፌ ተወግቶ ሞተ» የሚል ወሬ ከተነሣ ዝም አትበሉ፤ አትቆጡም። መቼ ተነከሰ፣ መቼ ሄደ፣ ስንት ጊዜ ተመላለሰ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሄደ ወይም ያቋረጠ ሆኖ ይገኛል። የማታውቁትን ግን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሳትጠይቁ እንዳትመልሱ፤ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለት አያሳንስም።

ከዚህ ሥልጠና በኋላ የሚሠራ

ዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 28፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ይውላል። ሰው ሁሉ ከያለበት ተሰብስቦ ቤቱ ያለበት ሰሞን ስለሆነ ስለ ውሻ ለመነጋገር ይመቻል። በአንድ አካባቢ ካሉ 10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ በሽታው መሰራጨቱ ይገታል። የልማት ቡድን መሪዎች ከዚያ በፊት በየመንደራቸው ስንት ውሻ እንዳለ ቆጥረው ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያስረክቡ። ቀበሌው የክትባት ቀን ሲቆርጥም ውሻውን በገመድ ይዞ የሚመጣው የሚፈራው ልጅ ሳይሆን የሚያዘው ሰው ይሁን።

ደግሞም የሰው ክትባት በየጤና ጣቢያው ሁልጊዜ ላይኖር ይችላል። ሰው ልካችሁ በባዶ እጁ ከተመለሰ ሁለተኛ አይሰማችሁም። ስለዚህ ክትባቱ መካነ ሰላም ሆስፒታል ይገኝ፣ ወይስ ሌላ ቦታ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየወሩ ጠይቃችሁ እወቁ። የእሷን፣ የጤና ጣቢያውንና የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ስልክ ቁጥር በደብተር ሳይሆን በበራችሁ ጀርባ በከሰል ጻፉት፤ እናንተ እርሻ ላይ ብትሆኑ እንኳ ልጃችሁ አንብቦ እንዲደውል።